አባባ ሲተኛ የተማርነው

ባለፈው ቅዳሜ ለወላጆች ስብሰባ ልጄ ትምህርት ቤት ስሄድ የእርጥብ ጠመኔ ሽታ አወደኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። መምህሩ ንግግሩን አቋርጦ እስኪያባራ ይጠብቃል፤ እኛም በልጆቻችን ጠባብ ዴስክ ላይ ተኮራምተን ተቀምጠናል። አሰላ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ዝናብ ሲመጣ ትምህርት ይቆማል። እኔ ግን ያልቆመበትን አንድ ቀን አስታውሳለሁ። ዘይነባ ትዝ አለችኝ።

ዘይነባ ከጢቾ የመጣች አዲስ ምሩቅ መምህርት ነበረች። ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ተከራይታ ሥራ ትፈልግ ነበር። ቀጭን፣ ጫማዋን በር ላይ አስተካክላ የምታወልቅ፣ ሲስቁባት አብራ የምትስቅ ልጅ ነበረች። ድምፅዋ ግን አጠገቧ ቆመው እንኳ "እ?" የሚያሰኝ ነው። መጀመሪያ የተፈተነችበት ትምህርት ቤት ክፍል አስገብቶ ስታስተምር አያትና "ድምፅሽ ኋላ ወንበር አይደርስም" ብሎ መለሳት። የዚያን ዕለት እናቴ ጋ መጥታ አለቀሰች።

"አባቴ እስከ መስከረም መጨረሻ ነው የሚታገሰኝ፣ እትዬ አልማዝ። ካልተቀጠርኩ ተመልሼ ሱቁ ውስጥ መቀመጤ ነው።"

"ሱቅስ ምን ነውር አለው?"

"ነውርማ የለውም። ግን እኔ ማስተማር ነው የምፈልገው።"

እናቴ መቼም ለሰው ስታዝን ሥራ ትሰጣለች። "በይ እነዚህን ቀበጦች ውሰጂና ተለማመጂባቸው፤ ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ሲያቦኩ ነው የሚውሉት" አለቻት። እኔንና ሁለቱን ወንድሞቼን ማለቷ ነው። "ብቻ አባታቸውን እንዳትቀሰቅሱብኝ።"

አባባ ዳቦ ቤት ሌሊት ሲጋግር አድሮ ቀን የሚተኛ ሰው ነበር። እንቅልፉም ጉደኛ ነው። በረዶ ጣሪያውን ቢያፈርሰው አይነቃም፤ የሰው ድምፅ ከሰማ ግን ብድግ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ሰላም የለም።

ስለዚህ ዘይነባ ያለ ድምፅ ማስተማር ጀመረች። የማድቤቱን የቆርቆሮ በር ሰሌዳ አደረገችው። አባባ ከሥራ ይዞት የሚመጣውን ዳቦ ግማሽ፣ ሩብ እያደረገች ትቆርሳለች። ጣቷን ወደ ዓይኗ ከወሰደች ተመልከቱ ነው። እጇን ከዘረጋችልን መልሱ ነው፤ እኛም በከንፈራችን ብቻ እንመልሳለን። መዳፏን መታ መታ ካደረገች ደግሞ ይደገም ማለቷ ነው። በትክክል የመለሰ ቁራሹን ይበላል። ታናሽ ወንድሜ ክፍልፋይ ያወቀው ለሆዱ ሲል ነው።

መስከረም ላይ እኔ የምማርበት ትምህርት ቤት መምህር ፈለገና ዘይነባ እኛ ክፍል ውስጥ ልትፈተን መጣች። ዳይሬክተሩና ሁለት መምህራን ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የእናቴን ሹራብ ለብሳለች፤ እጅጌው ጣቷን ሸፍኖታል። "እንደምን አደራችሁ ልጆች" ስትል የሰማነው ከፊት ያለነው ብቻ ነን። ዳይሬክተሩ አንገቱን አስግጎ ጆሮውን ሲያቀና ሳይ "በቃ፣ ጢቾ መግባቷ ነው" አልኩ በሆዴ።

ወዲያው በረዶ ወረደ። ልጆቹ እንደ ልማዳችን ደብተራቸውን ዘግተው ዴስኩ ላይ ተደፉ። ከመምህራኑ አንዱ ሊወጣ ተነሳ። ዘይነባ ቀና ብላ ጣሪያውን አየችና ፈገግ አለች። የአባባ እንቅልፍ ትዝ እንዳላት አወቅኩ።

ጠመኔዋን አስቀምጣ ከቦርሳዋ ዳቦ አወጣች። ዳቦ ያየ ልጅ ተደፍቶ አይቀርም። ጣቷን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ቆረሰች፤ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ እጇን ዘረጋችልን። እኔ በከንፈሬ መለስኩ፤ አጠገቤ ያለችው ልጅ ከእኔ ቀዳች፤ ከዚያ ክፍሉ ሁሉ ያለ ድምፅ ይናገር ጀመር። ሊወጣ የነበረው መምህር ተመልሶ ተቀመጠ። በረዶው ካባራ በኋላ እንኳ ማንም ድምፁን አላወጣም። ዳይሬክተሩ ራሱ በከንፈሩ "ሩብ" ሲል በዓይኔ አይቼዋለሁ።

"ሰኞ ጀምሪ" አላት።

ግቢ ስንገባ "እትዬ አልማዝ፣ ተቀጠርኩ" ያለችው ሦስተኛ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። አባባ ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ወጣ። ሁላችንም ቀጥ አልን።

"ይሄ ድምፅ እስከ ዛሬ የት ነበር?" አላትና ተመልሶ ተኛ።

ዘይነባ እኛ ጋ ጥቂት ዓመት አስተምራ ወደ ሮቤ ተዛወረች። እዚያው አግብታ ወልዳለች ሲሉ ሰምቻለሁ። እናቴ ሹራቧን መልሳ አልጠየቀቻትም።

አባባ አሁን አርጅቷል፤ ጆሮውም እምብዛም አይሰማም። ሐኪሙን ምን እናድርግለት ብለን ብንጠይቀው ጮክ ብላችሁ አናግሩት አለን። እኛ ግን አንጮህበትም። ያኔ እሱ እንዳይሰማን የተማርነው ሁሉ ዛሬ እሱን የምናነጋግርበት ሆኗል። ልጄም ሳታውቀው ለምዳዋለች፤ ከአያቷ ጋር በከንፈር ሲያወሩ ይውላሉ።

ከስብሰባው ስመለስ ትኩስ ዳቦ ገዝቼለት ገባሁ። ቆርሼ ሰጠሁት። ቀስ ብሎ አላምጦ ጨረሰና ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ መዳፉን መታ መታ አደረገ።