ጉበቴና የዘጠኝ ሰዓቱ በሶ

ጾም የሚያወፍር አይመስለኝም ነበር። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳልቀምስ እቆይና በሶዬን በማር በጥብጬ በትልቁ ጣሳ እጠጣለሁ። በላዩ ሽሮ በእንጀራ፣ ከዚያ ድንች። ከዚያ ጋደም። መቀነቴ በየዓመቱ አጠረኝ።

በጾመ ነቢያት ውሃ ጥም አላስቀምጥ ሲለኝ ዘመሮ ከተማ ወርጄ ጤና ጣቢያ ተመረመርኩ። ነርሷ ከበላሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ የደሜን ስኳር ለካችኝ። ስኳሩ ከፍ ብሏል። በሽታው ገና አልያዘኝም፤ ደጄ ላይ ግን ቆሟል።

«ምን ጣፋጭ በላሁና?» አልኳት።

«እናቴ፣ ገብሱም ሆድ ውስጥ ስኳር ይሆናል። ጉበት ከምግብ በኋላ ስኳሩን ተቀብሎ ያስቀምጣል፤ ስንጾም ቀስ እያለ ያወጣዋል። ውፍረት ሲበዛ ግን ጉበት ውስጥ ስብ ይገባል። ያኔ ‹አስቀምጥ› ሲባል እንደ ድሮው አይታዘዝም። ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል።»

«ጭድ የሞላበት ጎታ በይኛ።»

ሳቀች። «ጭዱን እናስወጣ። ካልሆነ መድኃኒት ይጀመራል፤ ሁዳዴንም እንዲጾሙ ላይፈቀድልዎ ይችላል።»

ይኼ ወጋኝ። ከአራስነቴ በቀር ሁዳዴን ሳልጾም ያለፈኝ ዓመት የለም።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ያዝኑልኛል ብዬ ነበር።

«አይ ልጄ፣ አንቺ የምትጾሚው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፋሲካ ነው» አሉኝ።

አጠገቤ የተቀመጠው ባለቤቴ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ።

«ሳቅ! የዚያ ፋሲካ እድምተኛ አንተም ነህ» አልኩት።

እሳቸው ግን አልሳቁም። «ሲበሉ መመጠንም ጾም ነው» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሩን ተውኩ። በሶውን አንድ ጭብጦ ብቻ አደረግሁት፤ የቀረውን ሆዴን ጎመንና ባቄላ ሞላው። እንደበላሁ ጋደም ማለት ትቼ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እየሄድኩ እመለስ ጀመር። በማኅበራችን ዕለት ደጋሿ የጨመረችልኝን እንጀራ ብመልስ፣ «ቤቴን ናቅሽው?» አለችኝ።

«ጉበቴን እየጠረግሁ ነው» አልኳት። ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ።

ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነርሷ እንደ በፊቱ ከምግብ በኋላ ለካችኝ። መለኪያውን አየች፤ እኔን አየች፤ ደግሞ መለኪያውን አየች።

«ወርዷል፣ እናቴ! ጉበትዎ ሥራውን ይዟል።»

«ልጹም?»

«ይጹሙ። ለእኔም ይጸልዩልኝ።»

እዚያው በሩ ላይ እልልታዬን አቀለጥኩት። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች «ማን ወለደች?» ብለው ተነሡ።

አምሳ አምስቱን ቀን አንድም ሳላጎድል ጾምኩ። ክብሩ የእርሱ ነው።