ዳማከሴ ያብባል

ነገሩ የተጀመረው ፒያሳ፣ ማኪያቶ ላይ ነው። ጡረታ ከወጣን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከድሮ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ጋር አንድ ካፌ እንቀመጣለን። ይህ ሰው የማያውቀው ነገር የለም። አንድ ቀን «ዳማከሴ ቅጠል ብቻ ነው፤ አበባ የለውም» አለ።

ያብባል አልኩ።

«አይተሃል?»

አላየሁም። እናቴ በደጃችን ታሳድገው በነበረው ዳማከሴ አጠገብ ዕድሜዬን ጨርሼ አንድ ቀን አበባ አላየሁም። «እንግዲያው ዝም ብለህ ማኪያቶህን ጠጣ» ሲለኝ አስተናጋጇ ሳትቀር ሳቀች። አንጀቴ አረረ። አበባውን አምጥቼ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ካላስቀመጥኩ ሰው አይደለሁም አልኩ።

ያልታየበት ምክንያት ለእኔ ግልጽ ነበር። በእኛ ሰፈር ለማበብ ጊዜ የሚሰጠው ማን ነው? ምች መታኝ ያለ ሁሉ፣ ራሱን ፈልጦት ያተኮሰውና ከንፈሩ የቆሰለ ሁሉ፣ ዳማከሴ ወዳለበት ግቢ ነው የሚሮጠው። ቅጠሉ ይታሻል፣ ይሸተታል፣ ጭማቂው በቡና ይጠጣል፣ የተረፈው ፊት ይቀባል። ለምች የመጣን ሰው መመለስ እሳት ልትጭር የመጣችን ጎረቤት እንደመመለስ ነው። ነውር ነው።

እኔ ግን መለስኩ። እናቴ ካረፈች በኋላ የተረፈውን ግንድ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ተክዬ ከመስኮቴ ሥር አኖርኩት። የቡና አተላ መገብኩት፤ ፀሐይ በዞረች ቁጥር አዞርኩት። ውኃ ሊቀዳ ወደ ግቢያችን የጋራ ቧንቧ የሚመጣውን ሁሉ በመጋረጃ ቀዳዳ እከታተል ጀመር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

እንዲያም ሆኖ አንድ ጠዋት አንድ ቅርንጫፍ ተቀንጥሶ አገኘሁ። እማማ በር ላይ ሄጄ ቆምኩ። እማማ የምንላቸው የግቢያችን አንጋፋ ናቸው፤ እኔን አዝለው ያሳደጉ፣ ስልሳ ዓመት ሞልቶኝም «አንተ ልጅ» የሚሉኝ።

«እማማ፣ ዳማከሴዬን ቀጥፈዋል?»

«ቀጥፌያለሁ። የላይኛው ቤት ሕፃን ምች መቶት ሲቃጠል አደረ። ልትከሰኝ ነው?»

«ሊያብብ ነበር እኮ!»

«ቢያብብስ? ልታገባው ነው?»

ግቢው በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን በዚያው ቀን የዶሮ ሽቦ ገዝቼ ጀሪካኑን ዙሪያውን አጠርኩት። ከዚያ በኋላ ቅጠል የጠየቀኝ የለም። የእግዜር ሰላምታም አጠረ። ልብ ብዬዋለሁ፤ ግን አበባው በልጦብኝ ነበር።

ከወራት በኋላ ጫፉ ላይ እንቡጥ አየሁ። ለወዳጄ ደውዬ «ሰኞ መነጽርህን ይዘህ ና» አልኩት። እሑድ ምሳ በልቼ፣ እጄን እንኳ ሳልታጠብ፣ በባዶ ራሴ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ እንቡጡን ስጠብቅ ዋልኩ። የእኛ ሰፈር ሕፃን እንኳ ይህ ምን እንደሚያመጣ ያውቃል። ምች መታኝ።

አመሻሽ ላይ ከንፈሬ አብጦ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ስንቀጠቀጥ እማማ ገቡ።

«ያንን የዶሮ ቤት ፍታና ልቁረጥልህ።»

«አይሆንም! ነገ ያብባል።»

«ትሞታለህ እኮ፣ አንተ ልጅ።»

«ከሰኞ በኋላ።»

አተኩረው አዩኝና ወጡ። ተቀየሙኝ ብዬ ሳዝን፣ እፍኝ ሙሉ ዳማከሴ ይዘው ተመለሱ። ጫፍ ጫፉ ላይ ጥቃቅን ነጭ አበባ ተደርድሯል፤ ወይን ጠጅ ቀለም ነካ አድርጎታል። ከትራሴ ቀና አልኩ።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«ካንተው ነዋ! ያን ጊዜ ቅጠሉን ለሕፃኑ አሽቼ ቅርንጫፉን ከጓዳዬ ጀርባ ሰካሁት። አንተ ስታጥር ሰው ሁሉ ከእኔ ነው የሚወስደው።»

«እየተቀጠፈ ያብባል?»

«ምን ይከለክለዋል? ለቅጠሉ የመጣ ሰው አበባ አያይም እንጂ። የእናትህስ መች ሳያብብ ቀረ? ከነአበባው ነበር ፊትህ ላይ የምታሽልህ። አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ትጮህ ነበር።»

አፈርኩ። በሽቦዬም አፈርኩ፣ በስልሳ ዓመቴም አፈርኩ። እማማ ለወዳጄ ላሳየው የማልኩበትን አበባ ከነቅጠሉ በመዳፋቸው አድቅቀው ወደ ፊቴ ጎንበስ አሉ።

«ዓይንህን ጨፍን፤ ያቃጥላል።»

አልጨፈንኩም። አቃጠለኝ፤ እንባዬም ወረደ። ጭማቂው ነው አልኳቸው።