ባላጋራ ሲመሰክር

ትናንት ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሁለት ሰዎች በምርጫ ነገር ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም ነበር። አንዱ «መታወቂያ የሌለው ሰው ምርጫ ጣቢያ ድርሽ እንዳይል! ማጭበርበሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው» ይላል። ሌላው «የገጠሩን ሰው ከልክለህ ከማን ጋር ልትመርጥ ነው ታዲያ?» ይለዋል። ረዳቱም ሒሳብ መቀበሉን ትቶ ክርክሩ ውስጥ ገባ።

እኔ ዝም አልኩ። የሚያውቀኝ ያውቀኛል፣ ዝም ማለት ልማዴ ሆኖ አይደለም... አያ አላምረው ትዝ ብለውኝ ነው።

ባለፈው ምርጫ ማንኩሳ አካባቢ አንድ የገጠር ጣቢያ ላይ መራጭ መዝጋቢ ነበርኩ። በመጨረሻው የምዝገባ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ እማማ አንጓች የሚባሉ እናት መጡ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው መታወቂያ ሰጡኝ። አየሁት... ፎቶው ነጭ ሆኗል። ስሙም ተለቅልቆ ጠፍቷል።

«እማማ፣ ይኼ ምን ሆኖ ነው?»

«ከቀሚሴ ጋር ወንዝ ወርዶ ታጠበ፣ የኔ ልጅ። ይኸው ንጹሕ ሆኗል!»

አዲስ እንዳያወጡ የቀበሌው ሊቀመንበር ማኅተሙን ቆልፎ ስብሰባ ሄዷል። ደግነቱ መታወቂያ የሌለው ሰው በሚያውቁት ሰዎች ምስክርነት መመዝገብ ይችላል። እማማ አንጓችም የወንድማቸውን ልጆች አስከትለው ነበር የመጡት።

የአንድ ፓርቲ ታዛቢ ብድግ አለ። «ዘመድ ለዘመድ ከመሰከረማ ከሌላ ቀበሌም ሰው አምጥቶ ማስመዝገብ ይቻላል። ዘመድ ያልሆነ አንድ ሰው ይጨመር» አለ። እውነቱን ነው። እኔም በልቤ ከሱ ጋር ነበርኩ።

«ኧረ በሚካኤል! ጎጡ ሙሉ ዘመዴ አይዶል እንዴ? ወይ በሥጋ ነው ወይ በጋብቻ። ዘመድ ያልሆነኝ ያ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልለምንም!» አሉና በአገጫቸው ወደ በሩ ጠቆሙ።

በሩ ላይ የምርጫ ካርዳቸውን ወስደው አረፍ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። አያ አላምረው ይባላሉ። የአገሩ ልጅ የሆነው ባልደረባዬ ነገሩን ሹክ አለኝ። ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ግን በድንበር ተካሰው ስንት ክረምት ሙሉ ሰላም አይባባሉም። እማማ ድንበራችን የዋንዛው ዛፍ ነው ይላሉ። አያ አላምረው ደግሞ የኔ መሬት ዋንዛውን አልፎ እስከ ቦዩ ይደርሳል ይላሉ። በዋንዛውና በቦዩ መሃል ያለችው ቁራጭ መሬት ናት እንግዲህ ያቆራረጠቻቸው።

እማማ አንጓች መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ድሮ ባሌ ነበር በየስብሰባው የሚቆምልኝ። እሱ ሲሞት እኔ አብሬው አልተቀበርኩም፣ አንቺ ልጅ! እኔም ሰው ነኝ ብዬ ነው የመጣሁ» አሉኝ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። አንጀቴን በሉት። ግን ምን ላድርግ?

ይኼኔ አያ አላምረው በትራቸውን ተመርኩዘው ገቡ።

«እኔ እመሰክራለሁ።»

ታዛቢው «አባባ፣ እርስዎ ምናቸው ነዎት?» አላቸው።

«ባላጋራዋ ነኝ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እማማ ግን ፊታቸውን አዞሩ። «ድንበር የገፋ ምስክር አልፈልግም!»

«ላንቺ ብዬ አይዶል» አሉ አያ አላምረው። «እኔ የምመርጠውን እንደማትመርጥ አውቃለሁ፤ ቀኝ ስል ግራ የምትል ሴት ናት። ግን አላውቃትም ብዬ እንዴት እዋሻለሁ? ይኼን ሁሉ ዘመን የከሰስኳትን!»

ታዛቢው አልለቀቃቸውም። ሥራው ነው። «የዚህ ቀበሌ ሰው መሆናቸውን በምን እናምናለን? ጎረቤት ከሆናችሁ ድንበራችሁ የት ነው? እስቲ ምለው ይንገሩን» አላቸው። ምስኪን፣ የትኛውን ቁስል እንደነካ አላወቀም።

አያ አላምረው ወደ ውጭ አዩ... አቀረቀሩ... በበትራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በታቦት ምለው የተናገሩትን ነገ ሸንጎ ላይ መካድ እንደሌለ እሳቸውም ያውቃሉ። ጨነቀኝ። እኔው ራሴ «ይበቃል አባባ፣ ይተዉት» ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

«ሚካኤልን!» አሉ። «በመሃላችን ዋንዛ አለ። ከዋንዛው ወዲህ የኔ ነው። ከዋንዛው ወዲያ... የሷ ነው።»

እማማ አንጓች ቀስ ብለው ተነሡ። እልል ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አላሉም።

«አላምረው... ይኼን ያልከው ለምዝገባው ነው ወይስ ከልብህ ነው?»

«ለምርጫ ሌላ፣ ለፍርድ ቤት ሌላ ሚካኤል የለኝም።»

መዘገብኳቸው። ታዛቢውም ተስማማ። እማማ ካርዳቸውን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው አያ አላምረውን አዩዋቸው። «መንገዳችን አንድ ነው፤ ምን ትገተራለህ?» አሏቸው። ተያይዘው ወረዱ።

ፍኖተ ሰላም ስንደርስ የሚኒባሱ ተከራካሪዎች ገና አልተግባቡም ነበር። እኔ ዛሬም ሰው ሁሉ መታወቂያ ይኑረው ባይ ነኝ፤ ምስክር እንደሚገዛ የማላውቅ ሞኝ አይደለሁም።

ብቻ... መታወቂያው ለታጠበበት ሰው፣ እግዜር እንደ አያ አላምረው ያለ ባላጋራ ይስጠው።