ጀርባዋ ባሕር የተሻገረው ዘሃራ

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ፤ ላምበረት

መናኸሪያው ገና በቅጡ አልነጋም፤ ረዳቶቹ ግን «ደሴ! ኮምቦልቻ! ሸዋ ሮቢት!» እያሉ ጉሮሯቸውን ፈተዋል። ከፊት፣ ከሾፌሩ ኋላ ያለችውን ወንበር አገኘሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ገና ሳይደላደሉ መንገዱ ሰላም ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ሾፌሩ ትናንት ሰላም እንደነበር ነገራቸው። ከዚህ የተሻለ ዋስትና የሚሰጥ ስለሌለ ተመስገን ብለን ተነሳን።

የምሄደው ሰው ፍለጋ ነው። ስሟ ዘሃራ ይባላል፤ በሕይወት ካለች ሰባውን ዓመት ሳትይዝ አትቀርም። እኔ አይቻት አላውቅም። የላከኝ ኒልስ የሚባል ዴንማርካዊ ቀራጺ ነው፤ ኮፐንሃገን ለትምህርት በሄድኩ ጊዜ ጭቃ መያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው። በነሱ አገር መምህርን «አንተ» ማለት ነውር ስላልሆነ እኔም አንተ እያልኩት ለመድኩ። እሱም ቢሆን የዘሃራን ፊት በቅጡ አይቶት አያውቅም።

ከሃምሳ ዓመት በፊት፣ ወጣት ሳለ፣ የውሃ ጉድጓድ ከሚቆፍሩ ሰዎች ጋር ከሸዋ ሮቢት ወዲያ ወዳለችው ጀውሃ መጥቶ ከርሟል። አንድ ቀን አንዲት ልጃገረድ አውድማ ላይ ሰፌዷን ከፍ አድርጋ ማሽላ በነፋስ ስታበጥር ከኋላዋ አያት፤ ከዚያ ወዲያ ጉድጓዱን ረሳው። ልቅረጻት ብሎ አባቷን አስጠየቀ። ሐጂው አባቷም፣ ፊት ያለው ሱራ፣ የሰው ምስል፣ መሥራት ሐራም ነው፣ ሠሪው በአኺራ፣ በወዲያኛው ዓለም፣ «በል ነፍስ ዝራበት» ይባላል አሉት። ጀርባዋን ከሆነ ግን፣ እሳቸው ባሉበት፣ ይሁን አሉ። ኒልስ ቃሉን ጠበቀ። ሐውልቷ ዛሬ አገሩ ባለው ግቢው የፖም ዛፍ ሥር ቆማለች። ከኋላ ሲያዩዋት ነፋሱ ሁሉ ቀሚሷ ላይ አለ። ዞር ብለው ከፊት ሲያዩዋት ፊቷ ያልተሠራ ልሙጥ ነሐስ ነው።

አሁን ሰማንያ ሊሞላው ነው። በቅርቡ ደወለልኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ፈልጊልኝ» አለኝ። «ካልፈቀደች ፎቶ አታንሺ፤ ፊቷን አንቺ እዪልኝ። የመጨረሻው ቀን አባቷ ለሰላት ሲነሱ በስሟ ጠርቻት ነበር፤ አልዞረችም። ሰምታኝ እንደነበር ጠይቂልኝ።»

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። ያላዩት ፊት ግን ሰውን እንዲህ ያደርጋል።

ሐሙስ፣ ረፋድ፤ ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር

ብርድ። መስኮት የሚዘጋውና የሚከፍተው ተሳፋሪ ተጣልተው ታርቀዋል። ሜዳው ላይ የድንጋይ ካብ፣ በጎች፣ ፎጣ የተከናነቡ ገበሬዎች። ድንጋዩን ባየሁ ቁጥር ኒልስ ይናፍቀኛል። የአገሩን ቀራጺዎች ያስተዋወቀኝ እንደ ዘመዶቹ ነበር፤ ይህኛው አያቴ፣ ያቺኛዋ አክስቴ ማለት ነው የቀረው።

መጀመሪያ የወሰደኝ ወደ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ነው። የእብነ በረድ ተራራ የላቸውም፤ ያላቸው ድንጋይ ጥንት በረዶ እየገፋ እርሻቸው ላይ ጥሎት የሄደው ጥቁር ድንጋይ ነው። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የነበሩ ጠራቢዎች በዚያ ድንጋይ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አንበሳ ቀርጸዋል። አንበሳ አይተው ስለማያውቁ ጥጃ አስመስለውታል። ሳቅኩ። ኒልስ አልሳቀም፤ «ያላዩትን መናፈቅ ከነሱ ነው የጀመረን» አለኝ።

ቀጥሎ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ሮም ሄዶ ዕድሜውን እዚያው የጨረሰ ሊባል የሚችለው ታላቁ ቀራጺያቸው ነው፤ ነጭ እብነ በረዱን እንደ ሊጥ ያዘዘው ሰው። ሲሞት የቀበሩት በገዛ ሥራዎቹ መካከል፣ በሙዚየሙ ግቢ ነው። ከዚያ ደግሞ ወንዶቹ ጀግና ሲቀርጹ እሷ ጥጃና ፈረስ በነሐስ ትሠራ የነበረችው ሴት። እኔ የወደድኩት እሷን ነው። በመጨረሻ ወደብ ዳር ድንጋይ ላይ የተቀመጠችውን ትንሽ የነሐስ ልጃገረድ አሳየኝ። ፊቷ የአንዲት ዳንሰኛ ነው ይላሉ፤ ዳንሰኛዋ ራቁቴን አልቆምም ስላለች ገላው የቀራጺው ሚስት ሆነ። ታዲያ አንተስ የዘሃራን ፊት ለምን ከሌላ ሴት አልወሰድክም አልኩት። እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ አኩርፎኝ ሄደ።

ሐሙስ፣ ከሰዓት፤ ሸዋ ሮቢት

ከጣርማ በር ዋሻ ስንወጣ ጉም በላን። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ወረሩት፤ ገዛሁ፣ በላሁ፣ ደገምኩ። ከዚያ ቁልቁል ነው። ጥምዝምዙን በጨረስን ቁጥር አንድ ልብስ ይወልቃል፤ መጀመሪያ ጋቢ፣ ከዚያ ሹራብ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ የቀረኝን እንዳላወልቅ ይሉኝታ ያዘኝ። እኔ ሙቀት አልወድም፤ ሙቀትም አይወደኝም።

ከተማው ባጃጅ በባጃጅ ነው። የሽንኩርት ጆንያ እንደ ቤት ተከምሯል፤ ቲማቲም፣ ማሾ የሚሉት ጥራጥሬ፣ ማንጎ። ማንጎው ከአዲስ አበባው ይረክሳል፣ ይጣፍጣልም። አልጋ ያዝኩና ማራገቢያው ሥር ተዘርግቼ አሰብኩ፦ ሞታ ቢሆንስ? ለኒልስ ምን ብዬ እነግረዋለሁ? ደግሞስ በሕይወት ካለች፣ ሰውዬውን ጨርሶ ረስታው ቢሆንስ? ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብስ መሰለኝ።

ዓርብ፣ ጠዋት፤ ወደ ጀውሃ

ሚኒባሱን የሚነዳው ሰይድ የጀውሃ ልጅ ነው። ዘሃራ የምትባል በዕድሜ የገፋች ሴት ታውቃለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ጀውሃ ውስጥ ድንጋይ ብትወረውሪ ዘሃራን ትመቻለሽ አለና የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቀኝ። አንድ ፈረንጅ ድሮ በጭቃ የሠራት ናት አልኩት።

«አሃ! ጀርባዋ ባሕር የተሻገረው ዘሃራ በይኛ።»

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። አገር የሚጠራቸው እንዲህ ነው ለካ። በሕይወት አሉ፤ ደህና ናቸው፤ አራት ልጆች አሳድገዋል፣ ባላቸውን ቀብረዋል። ልቤ ቦታው ተመለሰ። ይህን ስም እሳቸው ያውቁታል ወይ ስለው፣ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አለና ጥሩምባውን ነፋ።

ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፤ ጀውሃ

ሰይድ ጁምዓውን ሰግዶ ራሱ በር ድረስ አደረሰኝ። እትዬ ዘሃራ ኒም ዛፍ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ማሾ ይለቅማሉ። ቀጭን ናቸው፤ አገጫቸው ላይ ትንሽ ጠባሳ አለች፤ ግራ ቅንድባቸው ከቀኙ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሁልጊዜ የሚጠይቁ ይመስላሉ። የኒልስን ሐውልት ለዓመታት ያየሁት ሰው ነኝና ፊታቸውን ሳየው እንባዬ መጣ። እሳቸው ሙቀቱ ነው ብለው ውሃ ሰጡኝ።

የኒልስን ስም ስነግራቸው እጃቸው ማሾው ላይ ቆመ። «ያ ረጅሙ? አልሞተም?» አሉ። አልሞተም አልኩ። አልሐምዱሊላህ ብለው ወደ ለቀማቸው ተመለሱ፤ ግን ጠጠሩን ትተው ማሾውን ይጥሉ ጀመር።

የማሾ ወጥ በማሽላ እንጀራ ቀረበልኝ። እየበላሁ ፎቶ የሚለውን ቃል ከአፌ ለማውጣት ስታገል፣ አንገታቸው ላይ በጨርቅ ከረጢት ያንጠለጠሉት ስልክ ጮኸ። ከጅዳ ሴት ልጃቸው ናት፤ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ትደውላለች። ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠግተው ጥርሳቸውን አሳዩዋት፤ ነጠላቸውን ገልጠው ሽበታቸውን አሳዩዋት። እኔ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ስጨነቅ የመጣሁት ለዚህ ፊት ነበር! ሲጨርሱ እየፈራሁ፣ እንዲህ መታየት አይከለከልም ወይ አልኳቸው።

«ይኼ መተያየት ነው እንጂ ሱራ ነው እንዴ?» አሉ። «ሲዘጋ ይጠፋል። እሱም ከፈለገ ይየኝ።»

ደወልኩ። ኒልስ የሥራ ሽርጡን እንደታጠቀ ብቅ አለ። ስልኩን ሰጠኋቸው። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ይቆማል ይሄዳል፤ ሁለቱ ግን የሚቸኩሉ አይመስሉም። «አሰላሙ አለይኩም» አሉት። ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፤ ያ ለፍላፊ መምህሬ ፊታቸውን ብቻ ያያል። እሳቸውም አዩትና ወደ እኔ ዞረው «ሙሉ በሙሉ ሸብቷል» አሉ፤ ልክ ትናንት ፀጉሩ ጥቁር ሳለ የተለዩት ይመስል። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ እምቢ አለ።

ጥያቄው ሳይጠየቅ ቀረ። ስለዚህ እኔ ጠየቅኳቸው፦ ያኔ አባትዎ ለሰላት ተነስተው ኒልስ ሲጠራዎት ሰምተውት ነበር?

«ሰማሁት እንጂ» አሉ። ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው። «ከዚያ በኋላም አግብቼ፣ ወልጄ፣ አውድማ በቆምኩ ቁጥር ጀርባዬ ላይ ዓይን ያለ ይመስለኝ ነበር። ግን ልጄ፣ ጭቃውን ሲጠፈጥፍ እየሰማሁት እኮ ነው የጠራኝ። ጭቃ ይዞ የሚጠራ ሰው ለሥራው ነው የሚጠራ። ወንዙ እዚህ ነበር። እጁን ታጥቦ ቢጠራኝ፣ ወላሂ እዞር ነበር።»

ይህን ልንገረው ወይ አልኳቸው። ሰፌዱን አንስተው ማሾውን አንዴ ከፍ አድርገው አበጠሩ። «ለሱ የተባለ ነው፤ አንቺ ዘንድ ምን ያደርጋል?» አሉኝ። ስልክ ቁጥራቸውን ሰጡኝ።

ቅዳሜ፣ ጠዋት፤ ደብረ ሲና

ጉሙ ወርዶ አስፋልቱ ላይ ተኝቷል። ሾፌራችን ቁርስ ላይ ስለሆነ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ቆሜ ለኒልስ ደወልኩ። በድምፅ ብቻ ነው፤ ምስሉን አልከፈትኩትም፤ ፊቱን እያየሁ ይህን ለመናገር አቅም አልነበረኝም።

ሌሊቱን እንዳልተኛ ነገረኝ። ድምፁ የወጣት ሆኗል። ቅንድቧን አየሽው፣ አገጯን አየሽው እያለ ይጣደፋል። ፊቷን በጭቃ ጀምሮታል፤ ግማሽ ደርሷል፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሐውልቷ ሙሉ ልትሆን ነው። የእጁ ጥፍጠፋ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል።

አላስጨረስኩትም። ሰምታህ ነበር አልኩት። ከዚያ እትዬ ዘሃራ ያሉኝን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድም ሳልጨምር አንድም ሳልቀንስ ነገርኩት። ጥፍጠፋው ቆመ። ረዳቱ «ተሳፋሪ ግባ!» እያለ ይጣራል፤ እኔ ግን ከበረንዳው አልተንቀሳቀስኩም። ኒልስ ስልኩን አስቀምጦ የሄደ መሰለኝ።

ከዚያ ከሩቅ ቧንቧ ሲከፈት ሰማሁ። ውሃው ረጅም ጊዜ ፈሰሰ።

«ታጠብኩ» አለኝ ተመልሶ። «አሁን ዘሃራን ጥሪልኝ።»