ሰባ ዘለላ በወያላ ራስ ላይ

ከጸጉር ቆራጬ ጋ ተጣልቼ ስምንት ወር ሳልቆረጥ ከረምኩ። ጥፋቱ የሱ ነው። አንገቴን እንደ በግ ጠምዝዞ ያዘኝ፣ ቀስ በል ስለው "አንተ ደግሞ ታበዛዋለህ" አለኝ፣ ፎጣውን ከአንገቴ አውልቄ ወጣሁ። ኮልፌ ጸጉር ቤት አልጠፋም፣ ሌላ ጋ መሄድ እችል ነበር። እልህ ያዘኝ። በማን ላይ እንደሆነ እንዳትጠይቁኝ። እሱ እንደሆነ ረስቶኛል፣ እኔ ጸጉር አሳደግኩ።

ይሄን ጸጉር ዓይኗን የጣለችበት እህቴ ናት። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፣ በአፍ ግን እኩል ነን። የውበት ሥራ ተምራ ሥራ ስትፈልግ ዓመት ሊሞላት ነው። ቤቴል ሰፈር አንዲት ባለሳሎን ቦንድ የምትሠራ ልጅ ይፈልጋሉ ሲባል ሰምታ ሄደች። ቦንድ ማለት ቅጥያ ጸጉር ነው። የእያንዳንዱ ዘለላ ጫፍ ላይ ምስር የምታክል ደረቅ ሙጫ አለች። እሷን በጋለ ፒንሳ አቅልጠው ከሰውየው ጸጉር ጋ ያጣብቋታል። "ትችያለሽ ወይ?" ሲሏት "እችላለሁ" ብላ መለሰች። የቻለችው ስልኳ ላይ አይታ ነው።

ባለሳሎኗ ሞኝ አይደሉም። ሰባ ዘለላና ፒንሳውን ሰጧትና "ቤትሽ ወስደሽ ለብቻሽ ሥሪ። የፈለግሽው ሰው ራስ ላይ። ሳምንት ይቆይና ሰውየውን ይዘሽልኝ ነይ፣ እቆጥራለሁ። አንድ ወልቆ ካገኘሁ እንዳትደክሚ" አሏት።

ሰባ ዘለላ ተገኘ፣ ራስ ጠፋ። አንዷ ጓደኛዋ ትናንት የተሠራሁትን ሹርባ አላፈርስም አለች። ሌላዋ ሙጫ ሲባል የጫማ መስሏት ስልኩን ዘጋችባት። አርብ እራት ላይ ሽሮው እየቀዘቀዘ እህቴ ከዓይኔ በላይ በላይ ታየኛለች።

"ምን ታፈጥጫለሽ?" አልኳት።

"ጸጉርህ አድጓል።"

"እና?"

"ፔስትራ ተመትቶ ቢዘረጋ ስንዝር ይሞላል።"

"እኔ ወያላ ነኝ።"

"ወያላ ራስ የለውም?"

እማዬ ከት ብላ ሳቀች። እህቴ አልሳቀችም። ጉርሻዋን ሰሃኑ ላይ መለሰችና "ይሄ ካለፈኝ ዓረብ አገር ነው የምሄደው። ከደላላው ጋ ተነጋግሬያለሁ" አለች። እማዬ ሳቋን አቆመች።

"ለሳምንት ብቻ ነው?" አልኳት።

"ለሳምንት። ግን አትጣላም። አንድ ሰው ጸጉርህን ከጨበጠ እኔ አለቀልኝ።"

"እኔ መቼ ተጣልቼ አውቃለሁ?"

ሁለቱም አዩኝ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩት ከሒሳብ አስተማሪ ጋ ስለተያያዝኩ መሆኑን ማንም አላነሳም፣ ግን ሰማሁት።

ቅዳሜ ጠዋት እህቴ የፔስትራ ማሽን ልትዋስ ወጣች። እሷ እንደወጣች እማዬ ለጋ ቅቤ በጭልፋ ይዛ መጣች፣ ከጎጃም የተላከላትን።

"ራስህ ላይ እሳት ሊነዱበት አይደል" አለችኝ፣ "ትንሽ ያብርድልህ።"

እኔ ምን አውቃለሁ። የሥራው አካል መስሎኝ ራሴን ዝቅ አደረግኩላት። እስከ ጆሮዬ አሸችኝ።

እህቴ ስትመለስ ራሴ እንደ አዲስ ታክሲ ያበራል። "ምንድን ነው ይሄ?" አለች። እማዬ "ትንሽ ነው" አለች። ባለሙያዋ እህቴ በፎጣ ቢጠረግ ይበቃዋል ብላ ወሰነች፣ ፔስትራውን መታችኝ፣ የመጀመሪያውን ዘለላ አንገቴ ላይ አስጠግታ በፒንሳው ያዘችው። ቺስስ አለ። ቤቱ በአንዴ የበዓል ዋዜማ ሸተተ። ቅቤው ቀልጦ በጀርባዬ ወረደ፣ ዘለላውም ተከትሎት ወረደ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ለጥቂት ጊዜ ተንጠልጥሎ አሳቀቀንና ወደቀ።

"ማነው ቅቤ ቅቢው ያለሽ?" አለች እህቴ።

"እኔ ልጄን ነው የቀባሁት" አለች እማዬ። "የቅቤ ጠላት የሆነ ሥራ ደግሞ ምን ዓይነት ሥራ ነው?"

እህቴ ባኞ ቤት ወስዳ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጠበችኝ። አልለቀቀም። በልብስ ሳሙና ደገመችኝ። በአራተኛው እጥበት ጸጉሬ በጣት ሲነካ እንደ ታጠበ ሰሃን ጮኸ። እማዬ በር ላይ ቆማ ውሃው ይዞት የሚሄደውን ቅቤዋን እያየች ከንፈሯን ትመጥጣለች፣ ለኔ አይደለም፣ ለቅቤው።

እንደገና ፔስትራ፣ እንደገና ፒንሳ። አሁን ያዘ። እህቴ ከካርቶን ላይ ክብ ቆርጣ መሃሉን ሰንጥቃዋለች። ጥቂት ጸጉሬን በስንጥቁ ታወጣለች፣ ሙጫው ሌላውን እንዳይነካ። ከዚያ ዘለላውን ታስጠጋለች፣ በፒንሳው ትጨብጣለች፣ ሙጫው ሲለሰልስ በሁለት ጣቷ እንደ ሊጥ ታድቦለቡለዋለች። ጣቷ ይቃጠላል። ትልሰዋለች፣ ትቀጥላለች። እኔ ደግሞ ፒንሳው የራሴን ቆዳ በነካ ቁጥር እሳደባለሁ።

"ዝም ካላልክ ጆሮህን ነው የማጣብቀው" አለችኝ።

እማዬ ኩርፊያዋን ለማንም ሳትናገር ትታው መጥታ ተቀመጠች። ለእያንዳንዱ ዘለላ አንድ ሽምብራ ሰሃን ላይ እየጣለች ትቆጥራለች። ሰባኛዋ ሽምብራ ስትወድቅ ውጪ መሽቷል። እህቴ ጣቶቿ አብጠው መስታወት ያዘችልኝ። ጸጉሬ ወገቤ ጋ ደርሷል። ከኋላ ስታዩኝ የሆነች ቆንጆ ልጅ ነኝ። ስዞር ነው ጉዱ።

"ጺምህ ባይኖር ለባል እድርህ ነበር" አለች እማዬ።

ሰኞ ሻሼን ፈትቼ አስራ ስምንት ማዞሪያ ታክሲ ተራ ወረድኩ። ሻሹ የእማዬ ነው፣ ለመኝታ። ኮፍያ አድርጌ ልሸፋፍነው ብል እህቴ ሙጫው ያልበዋል ብላ ከለከለችኝ። ሹፌሬ ሲያየኝ ቁልፉን ከእጁ ጣለ። "እኔ ረዳት ብዬ የቀጠርኩት ወንድምሽን ነው፣ የት ሄደ?" አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሩን አላትሜበት እሄድ ነበር። ዝም ብዬ ገባሁ። ይሄኔ ነው የደነገጠው።

እኔ ሥራዬ በር ላይ ቆሞ መጣራት ነው። "ጦር ኃይሎች፣ ጦር ኃይሎች" እያልኩ ራሴን ሳወጣ ንፋሱ ጸጉሬን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። ከጋቢናው ኋላ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ "ወራጅ አለ" ሊል አፉን ሲከፍት ጸጉር ገባበትና ሳይወርድ ቀረ። ከኋላ ወንበር "እህት፣ መልስ" ይሉኛል። እዞራለሁ። መልሱን ይተዉታል።

ማክሰኞ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ከአጠገቤ ተቀምጠው ጸጉሬን ረጅም ጊዜ አዩት።

"ስእለት ነው ልጄ?" አሉኝ።

ምን ልበል። ባስረዳቸው ጦር ኃይሎች ደርሰን እንመለሳለን። "አዎ፣ እማማ።"

"ለምን ተሳልከው?"

"እህቴ ሥራ እንድታገኝ።"

"ይድረስልህ" አሉኝና ትከሻዬን ዳበስ አድርገው ወረዱ። በሳምንቱ ውስጥ ያልሳቀብኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። የዋሸሁት አልመሰለኝም።

ሐሙስ ነው ነገር የመጣው። ጦር ኃይሎች ላይ ሁሌ የማይስማማኝ ወያላ አለ፣ እኔም የማልስማማው። ተራዬን ቀደመኝ። ተራዬ ነው አልኩት። "ኧረ እቴ፣ ሴቶች ይቅደሙ አላልኩም'ኮ" አለና አንዱን ዘለላ ጣቱ ላይ ጠቀለለው። ከዚያ ጎተተ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ዘለላው እጁ ላይ ቀረ። መሬት ጣለው።

ቡጢዬ ተነስቶ ነበር። እውነቴን ነው፣ እዚህ ደርሶ ነበር፣ ጆሮዬ ጋ። ያን ልጅ በአንድ እጄ እችለዋለሁ። ግን ከተያያዝን እሱም ሁለት እጅ አለው፣ እኔ ራስ ላይ ደግሞ የእህቴ ስልሳ ዘጠኝ ዘለላ አለ። እጄን አወረድኩ። ጎንበስ ብዬ ዘለላውን አነሳሁና ኪሴ ከተትኩ። ከተሰበሰበው ሰው መሃል አንዱ "ፈራ" አለ። መጎተቱ እንደዚህ አላመመኝም። ታክሲዬ ውስጥ ገባሁ።

ሹፌሩ እስከ አስራ ስምንት በመስታወቱ እያየ ነዳ። ስንደርስ "አሞሃል እንዴ?" አለኝ፣ ከልቡ።

ለእህቴ አልነገርኳትም። በቀረው ጸጉር ቦታውን ሸፈንኩት፣ ሁለት ቀን ሌላው እንዳይወልቅ አንገቴን እንደ እንስራ ተሸካሚ አድርጌ ሄድኩ።

ቅዳሜ ቤቴል ሄድን። ሳሎኑ ውስጥ ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ስር የተቀመጡት ሴቶች በሙሉ ወደ በሩ ዞሩ። ባለሳሎኗ መነጽራቸውን አደረጉ፣ አስቀመጡኝ፣ በማበጠሪያ ጭራ እየለዩ ቆጠሩ። ከጨረሱ በኋላ ደገሙ።

"ስልሳ ዘጠኝ" አሉ።

እህቴን በመስታወቱ ውስጥ አየኋት። ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አነሳች።

"ቆዪ" አልኳት፣ ኪሴ ገባሁ። "እትዬ፣ ሰባኛው ይኸው። አልወለቀም፣ ሰው ነው የጎተተው።"

"ተጣላህ?" አለች እህቴ።

"እኔ አልተጣላሁም። እሱ ነው የተጣላው።"

ባለሳሎኗ ዘለላውን ተቀብለው መብራት ስር ያዙት። ሙጫው እንዳለ አለ። ሙጫው ውስጥ ደግሞ የኔ ጸጉር አለ፣ ከነሥሩ ተነቅሎ። በጥፍራቸው ሊፈለቅቁት ሞከሩ። አልነቃነቅም አለ። ሴቶቹም ካስኩን እያነሱ ሊያዩ መጡ።

"ሙጫው አልለቀቀም" አሉ ባለሳሎኗ መጨረሻ ላይ። "የለቀቀው የሱ ራስ ነው። እሱን ደግሞ አንቺ አልሠራሽው።" ዘለላውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "ሰኞ በሁለት ሰዓት ነይ። እሱንም ይዘሽው ነይ፣ ስትፈቺው ደግሞ ልይሽ።"

ስንወጣ እህቴ አልዘለለችም፣ አላቀፈችኝም። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ቆመች።

"ከነሥሩ ነው የነቀለህ?"

"አዎ።"

"አንተ ደግሞ ዝም አልከው?"

"ዝም አልኩት።"

"ሰው እያየ?"

"ጦር ኃይሎች ሙሉ።"

ቦርሳዋን ከፈተችና ላስቲክ አወጣች። ከኋላዬ ዞራ ጸጉሬን ሰበሰበችና ሁለት ጊዜ ጠምዝዛ አሰረችልኝ። ከዚያ "ልጁን ታሳየኛለህ" ብላ የሰፈራችንን ታክሲ ትታ የጦር ኃይሎችን አስቆመች።

"ሰኞ ሥራ ትገቢያለሽ" አልኳት።

"ዛሬ ቅዳሜ ነው" አለችና ገባች።