ንግግር ያጠረብኝ ሳምንት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት በጾመ ነቢያት ነው። እስከ ዛሬ ሰዎች ወደተቀመጡበት ስገባ ወሬያቸው ከተቋረጠ ልቤ ይደነግጣል። ልጽፈው የተነሣሁትም ለዚህ ነው።

አሶሳ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ። ሀገሬ ጎጃም፣ ቢቸና አካባቢ ነው። እናቴ ያን ጊዜ ታማ ተኝታ ነበር። በክረምት ስሰናበታት «ሳልቀበር ድረሽልኝ፤ ሌላ አልጠይቅሽም» ብላኝ፣ እደርሳለሁ ብዬ እጇን ስሜ ነው የተለየኋት።

በዚያ ሳምንት የማስተምረው ዘመናዊ ልቦለድ ብቸኝነትን በዘይቤና በቋንቋ እንዴት እንደሚገልጽ ነበር። ለተማሪዎቹ ፎቶ ኮፒ ያደረግሁላቸው አጭር ልቦለድ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ስለሚኖር ሰው ነው። ደራሲው አንድም ቦታ ላይ «ብቸኛ ነው» አይልም። የሰውየውን ክፍል ጉድጓድ ያደርገዋል፤ ጎረቤቶቹ አፋፉ ላይ ቆመው ቁልቁል ያዩታል። ታሪኩ በገፋ ቁጥር ደግሞ ንግግራቸው ያጥራል። መጀመሪያ ያጫውቱታል፣ ቀጥሎ የጠየቀውን ብቻ ይመልሱለታል፣ በመጨረሻ «እ» ብለውት ያልፋሉ። ሳይሰድቡት፣ ሳይገፉት፣ ቃል በመቀነስ ብቻ እንዴት እንዳራቁት ተመልከቱ አልኳቸው። ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ ሰውየው ሚስት ያግባ፤ ነገሩ ያልቃል» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። እኔም ሳቅሁ።

በማግስቱ፣ ማክሰኞ፣ የመምህራን ክፍል ስገባ ወሬው ቀጥ አለ። እታፈራሁ የምትባል ጓደኛ አለችኝ፤ ወላጆቿ በሰፈራ ከወሎ የመጡ፣ እሷ እዚሁ አሶሳ የተወለደች። ወሬ የማያልቅባት ሴት «እህል ቀምሰሻል?» ብላኝ አንገቷን ደፋች። ጿሚ መሆኔን እያወቀች በጠዋት ይህን መጠየቋ ገረመኝ። ሌላው መምህር ክፍለ ጊዜሽን ልያዝልሽ አለኝ። ለምን ስለው «እንዲሁ» አለ።

መጀመሪያ ሐሳቤ የሄደው ወደ እናቴ ነው። ወንድሜ ጋ ደወልኩ። «ደህና ናት፤ እንቅልፍ ወስዷት ነው» አለኝ። ድምፁ ደከም ያለ ነበር፤ መስመሩ ነው አልኩ። እግዚአብሔርን አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ።

እናቴ ደህና ከሆነች ነገሩ በእኔ ላይ ነው። በዚህ ክልል ሰው ከኖረበት ቀዬ ሲፈናቀል ሰምተናል፣ አይተናልም። ስሜ የት ተነሣ? ማንን አስቀየምኩ? ለክፉ ቀን ብዬ ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። ውዳሴ ማርያም ስደግም ከየት እንዳቆምኩ ይጠፋኝ ጀመር። ክፍል ገብቼ ስለዚያ ሰውዬ ሳስረዳ ጉድጓዱ ዘይቤ መሆኑ ቀረብኝ። አፋፉ ላይ የቆሙትን በስም አውቃቸዋለሁ፤ አብሬያቸው ሻይ እጠጣለሁ።

ዓርብ ጠዋት ከክፍል ስወጣ ሐዋ የምትባል ተማሪዬ ማንጎው ሥር ጠበቀችኝ። የመንጌ ወረዳ ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በበርታኛ ነው። መዳፎቿን ዘርግታ ፋቲሃ ቀራች፣ ፊቷን አበሰች፣ ከዚያ እጄን ያዘችኝ።

«ቲቸር፣ አላህ ይርሐማት። እናትሽ ሞተ ሲሉ ሰማሁ። እኔ በጣም አዘንኩ።»

«የማን እናት?» አልኳት።

«ያንቺ። ሰኞ ሞተ፣ ረቡዕ ተቀበረ። አታውቂም እንዴ?»

ደግፋ አስቀመጠችኝ።

ነገሩን በኋላ ነው የተረዳሁት። ወንድሜ ሰኞ ማታ ለእታፈራሁ ደውሎ ቀስ ብላችሁ አርዷትና ላኩልን ብሏት ነበር። እነሱ ግን ተመካከሩ። ዘመድ በሌለበት መርዶ አይነገርም፤ ብቻዋን አውሮፕላን ላይ ምን ትሆናለች አሉ። የአክስቴ ልጅ ጉባ፣ ግድቡ ላይ ይሠራል። እሱ እስኪደርስ ጠብቀው እሑድ ጎህ ሲቀድ ሊያረዱኝ ወሰኑ፤ ወንድሜም ተስማማ። ለእሑድ ወንበር እንዲያመጡ ከተነገራቸው ተማሪዎች አንዷ ሐዋ ነበረች። በእነሱ ዘንድ ሞት ያኔውኑ ስለሚነገር፣ እኔ አለማወቄን አልጠረጠረችም።

ከአዲስ አበባ የምትመጣውን እህቴን ለመጠበቅ ቀብሩን እስከ ረቡዕ አቆይተውት ነበር። ወንድሜ እንቅልፍ ወስዷት ነው ሲለኝ እናቴ ገና ከአፈር በላይ ነበረች። ያን ቀን ብነሣ እደርስ ነበር።

እታፈራሁ ስትሰማ ሐዋን ልትመታት ምንም አልቀራት። «ማን ተናገሪ አለሽ? ገደልሻት እኮ» አለቻት።

«እናት ሞቶ ሰው እንዴት ዝም ይላል?» አለች ሐዋ እያለቀሰች።

እሑድ ሲነጋጋ ግን መጡ። የአክስቴ ልጅ አቧራ እንደለበሰ ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር ገባ። ወጉ እንዳይቀር የማውቀውን መርዶ እንደ አዲስ ነገሩኝ። እኔም እንደ አዲስ አለቀስኩላቸው።

ክፋት እንዳልነበረባቸው አውቃለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ባዶ ሆዴን እንዳልሆን ሲጨነቁልኝ ነው የከረሙት። ይቅር ብያለሁ እላለሁ፤ ልቆርብ ሳስብ ግን ልቤ ውስጥ ያልወጣ ነገር አገኛለሁ። ለንስሐ አባቴም ነግሬያቸዋለሁ።

አባቴ በሕይወት አለ፤ አርጅቷል። ለወንድሜም ለእታፈራሁም በግልጽ ለመንኳቸው፤ ቀኑ ሲመጣ በዚያው ሰዓት ንገሩኝ፣ ገበያ መሐል ብሆንም፣ ብቻዬን ብሆንም አልኳቸው። ሁለቱም እግዜር ያቆይልሽ፣ ክፉ አታውሪ ብለው ጨዋታ ቀየሩ። እሺ ያለኝ የለም።