ዋስ የሆንኩላቸው ሰዎች

የያዙኝ ጠዋት ነው፤ ቁርሴን ሳልጨርስ። ሁለት ናቸው፣ ሲቪል የለበሱ። አንዱ ቦርጫም፣ አንዱ ቀጭንና ዝምተኛ። ስለ ሰፈራችን መፍረስ ሶሻል ሚዲያ ላይ የለቀቅኩትን ጽሑፍ አንስተው፣ «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» አሉኝ። ስልኬን ተቀበሉኝ። ባለቤቴ ጋቢ ደረበችልኝ፤ ጥያቄው እንደሚረዝም ገብቷታል።

ሾፌር ውጭ ይጠብቅበት የነበረው መኪናቸው ሽሮ ሜዳን እንዳለፍን ቀጥ አለ። ወርደን ገፋን፤ እኔም ገፋሁ። አልነሳ ሲል ሾፌሩን እዚያው ትተን በእግር ቀጠልን። ዳገቱ ላይ ቦርጫሙ ትንፋሽ አጠረውና፣ «እስቲ ቀስ በል፣ አንተ ሰውዬ!» አለኝ።

ጣቢያው በር ላይ የቆመው ፖሊስ በቅርብ ተዛውሮ የመጣ ነበር።

«መታወቂያ።»

የእኔ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ሰጠሁት። አየው፣ ፊቴን አየ፣ ፈተሸኝ። «ይግቡ ጋሼ» አለኝ። ገባሁ።

እነሱን ግን እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው።

«እኛ የዚሁ ቤት ሰዎች ነን» አለ ቦርጫሙ።

«መታወቂያ።»

«ጃኬታችን ውስጥ ነው... ማለቴ፣ ጃኬቱ መኪና ውስጥ ቀርቷል። እስረኛ ይዘን እኮ ነው የመጣነው!»

«የታለ እስረኛው?»

«አሁን ያስገባኸው!»

ፖሊሱ ዞሮ አየኝ። «እሳቸውማ መታወቂያ አላቸው» አለ።

አለቃቸው ጋ ደወሉ፤ አያነሳም። እኔ ግቢው መሀል ብቻዬን ቆሜያለሁ። ማንም ምንም አይለኝም። በጓሮ በኩል ቆሻሻ የሚያወጡበት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አልዋሽም፣ ልቤ ወደዚያ ሄዷል። ግን ከሮጥኩ የጻፍኩት ውሸት ሊመስል ነው። ቧንቧው ጋ ሄጄ ፊቴን ታጠብኩ፤ ጋቢዬን አስተካክዬ ወደ ፖሊሱ ተመለስኩ።

«ያውቋቸዋል?» አለኝ።

«ዛሬ ነው የተዋወቅነው።»

«ጋሼ፣ እባክዎ» አለ ቦርጫሙ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ «አንተ» ነበርኩ።

«ዋስ ይሆኗቸዋል?» አለ ፖሊሱ።

ሁለቱንም አየኋቸው። ላብ በላብ ሆነዋል።

«ከእኔ ጋር ናቸው» አልኩት። «ይግቡ።»

ከዚያማ እነሱ ወደ ቢሮ፣ እኔ ወደ እስረኞች ክፍል። ጠባብ ነው፤ የእግርና የእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ አፍኖታል። እስረኞቹ በምን እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ የበሩን ነገር አወራሁላቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው የተኙ አንድ ሽማግሌ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነበር።

ፍርድ ቤት ስቀርብ ቀጭኑ ተነስቶ፣ «በዋስ ቢለቀቅ ይጠፋል» ብሎ ተቃወመ። ዳኛዋ የምለው እንዳለ ጠየቁኝ።

«ክብርት ዳኛ፣ እኔ ለእሳቸው ዋስ ሆኜ ነበር» አልኩ።

ቀጭኑ ጫማውን አየ። ዋስትናው አልተፈቀደም። ከወራት በኋላ ያለ ክስ ለቀቁኝ።

ወዳጆቼ፣ «ምነው ውጭ ትተሃቸው ቢሆን ኖሮ!» እያሉ ይስቁብኛል። እኔ አልቆጭም። ያን ቀን እዚያ በር ላይ የታመነው የአንድ ሰው ቃል ብቻ ነው፤ እሱም የእኔ ነበር።